ግርዶሹ ለማን ይታያል?

የካቲት 24 ቀን 2018 የጨረቃ ግርዶሽ ነበር፤ ስልኬ በቀይ ጨረቃ ፎቶ ተጥለቅልቆ ዋለ። ወዳጆቼም «እኛ ጋ ለምን አልታየም?» እያሉ ጠየቁኝ። መልሱ ቀላል ነው። ጨረቃ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነችው በእኛ ሰዓት ከቀኑ 8 እስከ 9 ሰዓት ገደማ ነበር። ያኔ ጅማ ላይ ፀሐይ ናት፣ ጨረቃ ደግሞ በምድር ማዶ። የምሥራቅ እስያ፣ የአውስትራሊያና የአሜሪካ ሰዎች አዩዋት።

የፀሐይ ግርዶሽ ቀጭን መንገድ ይዞ ያልፋል፤ ከመንገዱ ፈቀቅ ያለ ሰው ሙሉውን አያገኝም። የጨረቃው እንደዚያ አይደለም። የምድር ጥላ የሚያርፈው ጨረቃዋ ላይ ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት ጨረቃ የወጣችለት አገር ሁሉ በአንድ ቅጽበት ያየዋል። ይሄ ነገር ሁሌም ልቤን ይነካዋል።

ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ተራው የእኛ ነበር። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ለ82 ደቂቃ ያህል ሙሉ ግርዶሽ። ጅዳ ያለችው እህቴ ደውላ «አየሽው?» ትለኛለች፣ እኔ ግቢ ቆሜ የማየው ደመና ብቻ። የጅማን ክረምት ለምታውቁ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። በኋላ ደመናው ትንሽ ሲሰነጠቅ ብቅ አለች። ክቧ ሙሉ ነው፣ ብርሃኗ ግን የለም፤ አመድ የሸፈነው ፍም ትመስላለች፣ አንዱ ጠርዟ ከሌላው ፈካ ብሎ። ቅላቱ የሚመጣው ከእኛው አየር ነው። የፀሐይ ብርሃን በምድር ዙሪያ ባለው አየር ሲያልፍ ሰማያዊው ይበተናል፣ ቀዩ ጎበጥ ብሎ ጥላው ውስጥ ይገባል።

የጎረቤት ልጆች ፈርተው ነበር። ከመስጊድ የተመለሱ አንድ አባት «ልጆቼ፣ አትፍሩ፣ ፀሐይም ጨረቃም ለማንም ሞት ብለው አይጋረዱም፤ ነቢዩ ነግረውናል» አሏቸው። ልጆቹ ወዲያው ተረጋጉ። ሰውዬው የግርዶሽ ሶላት ሰግደው መምጣታቸው ነበር።

በየወሩ ለምን አይሆንም የሚለውም ይጠየቃል። የጨረቃ ግርዶሽ ሙሉ ጨረቃ ይፈልጋል፣ ግን የጨረቃ መንገድ ከምድር መንገድ 5 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከጥላው በላይ ወይም በታች ታልፋለች።

የሚያናድደኝ የዜናው አነጋገር ነው። ሰዓቱን በሌላ አገር አቆጣጠር፣ ቀኑን በፈረንጅ ይጽፉልናል፣ ከዛ ሰው አስልቶ ሳይጨርስ ያልፋል። ስለ ዝናቡማ ማንም አያነሳም። ሐምሌ 20 ቀን 2010 ለ103 ደቂቃ የቆየው የዚህ ምዕተ ዓመት ረጅሙ ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ ክረምት ላይ ነው የወደቀው፣ የጳጉሜኑም እንደዚያው። ስለዚህ በእኛው አቆጣጠር ልጻፈው።

ነሐሴ 22 ቀን 2018 ንጋት ላይ ከፊል ግርዶሽ አለ። ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል አልፎ ይጀምራል፤ እኛ ጋ ግማሿ ገደማ ሲጨልም ትጠልቃለች። ወደ ምዕራብ ተራራ የማይጋርደው ቦታ ያስፈልጋል፣ ሰማዩም ከፈቀደ። ብዙ ተስፋ አልጥልበትም።

ልቤ ያለው ታኅሣሥ 22 ቀን 2021 ላይ ነው። እሑድ ነው፣ ለገና አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሰማዩ ጠርቶ ቡና የሚለቀምበት ወቅት። እስከዚያ ድረስ በዓለም የትም ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ የለም። ጨረቃዋ በምሥራቅ ስትወጣ ጥላው ጠርዟን ነክሷት ትወጣለች፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ሙሉ በሙሉ ትሸፈናለች፣ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ግድም እንደዚያው ትቆያለች። መነጽር አያስፈልግም፤ የጨረቃን ግርዶሽ በባዶ ዓይን ማየት ምንም አይጎዳም። የግቢ መብራት ማጥፋትና ልጆችን ቀድሞ እራት ማብላት ይበቃል።