«ድሮን» የተባለችው የጀልባዬ ፕሮፔለር

ጅማ አጠገብ ባለው የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ሐይቅ ላይ በሞተር ጀልባ ዓሣ ለማጥመድ ያሰበ ሰው ካለ፣ ይህን ሳያነብ ትልቅ ሞተር እንዳይገዛ። እኔን ያስጠነቀቀኝ አልነበረም። ሁሉም የሚለኝ «ጉልበት አንሶህ ነው፣ 40 ፈረስ ግዛ» ነበር። ሻጩ እንዲያ አለ። ሥልጠና የሰጡን ባለሙያም እንዲያ አሉ። ጅማ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቡና ላይ የሚገኘው፣ ጀልባ ረግጦ የማያውቀው ሁሉ ሳይቀር ይመክረኝ ነበር።

ጀልባዋ ፋይበር ናት፣ አምስት ሜትር ገደማ። ሞተሩ ቱ ስትሮክ ያማሃ፣ 15 ፈረስ ጉልበት። ሁለት ሰው፣ መረብና የበረዶ ሳጥን ትይዛለች። ጅማ ያሉ ደንበኞቼ ቆሮሶ ዓሣውን ከምሳ በፊት ነው የሚፈልጉት፤ ስለዚህ ውሃው ላይ የሚባክን ሰዓት በቀጥታ ከኪሴ ይወጣል።

ችግሩ እንዲህ ነው። ጋዙን እስከ መጨረሻ ስጠመዝዘው አፍንጫዋን ወደ ላይ ትሰቅላለች፣ ኋላዋ ይሰምጣል፣ ከዚያ ውሃ እየገፋች ትንፏቀቃለች። ጀልባ ስትሄድ ከፊቷ የራሷን ማዕበል ታነሳለች። ፍጥነት ስትጨምር እሱን ለመውጣት ትታገላለች። ካለፈችው ሆዷ ውሃው ላይ መንሸራተት ይጀምራል፣ ሞተሩም ይቀለዋል። ካላለፈችው ግን የጊቤ አቀበት መሃል ላይ እንደሚያጓራ የተጫነ አይሱዙ ነች፤ ጩኸት አለ፣ መንገድ የለም። ቤንዚኑም ከምንጊዜውም በላይ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።

ጥፋቱ የከፍታው ነው። የግድቡ ውሃ ሲሞላ ከባህር ወለል በላይ 1,670 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ አየሩ ሳሳ ይላል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ሒሳቡን ስታሰሉት 15 ፈረስ ተብሎ የተሸጠልኝ ሞተር እዚህ የሚሰጠው 12 ተኩል ገደማ ነው። ፋብሪካው ግን ፕሮፔለሩን፣ ከሞተሩ ሥር ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባዋን የሚገፋውን ማለት ነው፣ ያሰበው ለባህር ዳርቻ ሰው ነው።

መጀመሪያ ገንዘብ የማይጠይቀውን ጨረስኩ። ባለ 24 ሊትሩን የቤንዚን ታንክ ከኋላ አንስቼ ወደ ፊት ወሰድኩ፤ ሲሞላ 20 ኪሎ ገደማ ነው፣ ቀላል አይደለም። የበረዶ ሳጥኑንም መሃል አደረግኩት። ባለሙያው «ጭነት ከኋላ ሲሆን አፍንጫዋ ቀለል ይላታል» ብለውን ነበር። አትስሟቸው። በትንሽ ሞተር ሲሆን ከኋላ የተጫነ ኪሎ ሁሉ ጠላት ነው። እኔ ራሴም ወደ ፊት ቀረብ ብዬ እንድቀመጥ መሪው እጀታ ላይ የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ ቀጠልኩበት። እንዲህ የምታደርጉ ከሆነ የሞተሩን ማጥፊያ ገመድ እጃችሁ ላይ ሳታስሩ አትንቀሳቀሱ። ውሃ ውስጥ ከወደቃችሁ ጀልባዋ ዞራ የምትመጣው በእናንተው ላይ ነው።

የሞተሩን ማዘንበያ ፒን አንድ ቀዳዳ ወደ ጀልባዋ አስጠጋሁት፤ አፍንጫዋ ወረድ አለ። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ሳህን ከጀልባዋ ሆድ በታች በጣም ገብቶ ውሃ ይጎትት ነበር። ሞተሩ ከሚንጠለጠልበት ላይ የዋንዛ ጣውላ ደርቤ ከሆዷ ጋር እኩል አደረግኩት። ከዚህ ሁለት ሳንቲም ተኩል በላይ ከፍ ካለ ፕሮፔለሩ አየር ይስባል፤ በከንቱ ይፈተለካል። ከፍ ስታደርጉት ማቀዝቀዣው ውሃ በቀጭኑ ቧንቧ እየተረጨ መውጣቱን ሳታዩ አትሂዱ። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ለብሶ ስለነበር መካኒኩ የካርቡራተሩን ጄት፣ ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ፣ በአነስተኛ ቀየረው፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል። ቤንዚን በጀሪካን ለመቅዳት የሚያስፈልገውን ደብዳቤ አላወራም፤ እሱን ሁላችንም ለምደነዋል።

ይህ ሁሉ ረድቶኛል። ብቻዬን ስሆን ማዕበሏን አልፋ ትንሸራተታለች። ከጓደኛዬና ከበረዶው ጋር ግን አሁንም እምቢ። የካንዴላው ገመድ ላይ በምትጠመጠም ዙር ቆጣሪ ለካሁት፦ ጋዙ ሙሉ ሆኖ በደቂቃ 4,200 ዙር። መመሪያው የሚጠይቀው ከ4,500 እስከ 5,500 ነው። እንግዲህ ወንጀለኛው ፕሮፔለሩ ነው። የኔው ባለ 10 ኢንች ፒች ነበር። በአንድ ዙር 10 ኢንች ሊገፋ ይሞክራል፤ የደከመው ሞተር ይህን አይችልም። በመኪና ቋንቋ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ እንደመነሳት ማለት ነው። ፒች በአንድ ኢንች ሲቀንስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ከፍ ይላል። ባለ 8 ኢንች አስፈለገኝ።

ቶርኖ ቤት «ጫፉን ልቁረጥልህ» ብለውኝ ነበር። ሦስቱ ክንፎች እኩል ካልወጡ መንቀጥቀጡ ማርሹን ይበላዋል። ተውኩት። ናይሮቢ የሚሠራ ዘመዴ ገዝቶ በካርጎ ላከልኝ። አዲስ አበባ ደርሶ ተያዘ።

ዕቃው የተያዘበትን መሥሪያ ቤት ስም ልተወው። ነገሩን ግን አልተውም። እስካሁን ሲነሳብኝ ደሜ ይፈላል።

«ፕሮፔለር ይላል» አለኝ የመሥሪያ ቤቱ ልጅ ደረሰኙን እያየ።

«አዎ ወንድሜ፣ የጀልባ ሞተር ነው።»

«ድሮን ፈቃድ ይፈልጋል።»

«ድሮን አይደለም።»

«ፕሮፔለር አይደል እንዴ የሚለው?»

ይህን የምንነጋገረው ካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነው። ሦስት ወፋፍራም ክንፍ ያላት፣ ግራጫ የተቀባች አሉሚኒየም። ከኪሎ በላይ ትመዝናለች። መሃሏ የሞተሩ ጭስ የሚወጣበት ክፍት ነው፤ ጣቴን ከትቼ አሳየሁት። «ይቺን የሚያነሳ ድሮን ካለ እኔም ማየት እፈልጋለሁ» አልኩት። አልሳቀም። ድሮን አለመሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሚመለከተው አካል አምጣ አለኝ።

ወደሚመለከተው አካል ሄድኩ። ወረፋ ይዤ ተራዬ ደረሰ። መነጽራቸውን አውልቀው ፎቶውን በደንብ ያዩት እናት ሥራቸውን የሚያውቁ ይመስሉ ነበር።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ድሮን አይደለም።»

«ተመስገን። ይህንኑ ይጻፉልኝ።»

«እኛ የምንጽፈው ለድሮን ነው። ድሮን ላልሆነ ዕቃ ደብዳቤ አንሰጥም።»

ይህን መልስ ይዤ ተመለስኩ። ልጁ በቃል አይሆንም አለ። እውነቱን ነው፣ በቃል አይሆንም። ታዲያ በምን ይሁን? አሰበ፣ አሰበና «እሺ፣ የጀልባዋን ሊብሬ አምጣ» አለኝ። ሊብሬ! ግልገል ጊቤ ላይ ሊብሬ ያላት ጀልባ ያየ ሰው ይንገረኝ። ጅማ ተመለስኩ፤ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አንድ ቀን ሙሉ ይበላል። የቀበሌ ደብዳቤ አወጣሁ። የሞተሩን ደረሰኝ ፈልጌ አገኘሁ። ከሞተሩ ጎን ላይ ያለውን መለያ ቁጥር ፎቶ አነሳሁ። እንደገና አዲስ አበባ። «የማህተሙ ቀለም ደብዝዟል» ተባልኩ። እንደገና ጅማ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የመጋዘኑ ክፍያ ይቆጥራል። ዕቃው የታሰረው በእነሱ ጥርጣሬ፣ የእስር ቤቱን ኪራይ የምከፍለው እኔ።

ያዳነኝ ደብዳቤ አይደለም። በስተመጨረሻ ልጁ እረፍት ወጥቶ ሌላ ኃላፊ ተተክተው አገኘሁ። ባህር ዳር ነው ያደግኩት አሉኝ። ካርቶኑን ከፍተው አንዴ አዩና «የጀልባ ፕሮፔለር ነው እኮ፣ ምን ሆነህ ነው እስካሁን?» ብለው ፈረሙ። ምን ሆኜ ነው! የመጋዘኑ ሒሳብ የፕሮፔለሯን ዋጋ ሊያክል ምንም አልቀረው።

ስለዚህ ከውጭ የምታስልኩ ሰዎች፣ ደረሰኙ ላይ ብቻውን ‹ፕሮፔለር› አይጻፍ። ‹የጀልባ ሞተር መለዋወጫ› ይባል፣ የሞተሩ ሞዴልና የዕቃው ቁጥር ከሥሩ ይስፈር። የሞተሩ ደረሰኝ ኮፒና ሞተሩ ጀልባዋ ላይ ተገጥሞ የተነሳ ፎቶ ካርቶኑ ውስጥ ይግባ። «ዕቃው ሲመጣ እናያለን» የሚላችሁን አስመጪ አትመኑ። ከማዘዛችሁ በፊትም የሞተሩ ዘንግ የሚገባበትን የፕሮፔለሩን መሃል ጥርሶች ቁጠሩ፤ ካልገጠመ ይህን ሁሉ እንደገና ነው።

መግጠሙ ራሱ የቡና ሰዓት አይሞላም። ኮፒሊያውን ማውጣት፣ ዳዶውን መፍታት፣ ዘንጉን ግራሶ መቀባት፣ አዲሷን ማስገባት። በቃ።

ያን ቀን ሙሉ ጭነት ይዘን ወጣን። ጋዙን ሰጠሁ፣ አፍንጫዋ ትንሽ ተነሳና ወዲያው ተኛ። ከኋላ የሚከተለን ወፍራም ማዕበል ቀጠነ። የሞተሩ ድምፅ ከማጓራት ወደ ማፏጨት ተለወጠ። መንሸራተት ስለጀመረች ሞተሩ ቀልሎት ቆጣሪው 5,000 ይላል። ጓደኛዬ ዞሮ አየኝና «40 ፈረስ ግዛ ያሉህ የት አሉ?» አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደረቴ ተነፋ። ባለ 40ው ክብደቱ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ነው፤ ቤንዚኑም እንደዚያው፤ የጀልባዬ የኋላ ግድግዳም የሚችለው አይደለም።

ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ሳህን ተበስቶ የሚታሰርበትን ጠፍጣፋ ክንፍ ሰዎች ያወድሱታል። ኋላዋን ማንሳቱን ያነሳል። እኔ ግን ክብደትና ፒች ሳይስተካከል ሳህኑን አልበሳም።

ባለ 10ሩን ፕሮፔለር አልሸጥኩትም። ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ሞተሩ አንድ ቀን ባሮ ላይ ለመሥራት ጋምቤላ ቢወርድ፣ እዚያ ከፍታው 500 ሜትር ገደማ ነው፣ ጉልበቱ ይመለስለታል። ያኔ ባለ 8ቷ ዙሩን ከልክ በላይ ታስኬደዋለች። በዘይት ጨርቅ ጠቅልዬ አልጋ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ሌላ አስልኬ ድሮን አለመሆኑን ለማስረዳት አቅሙ የለኝም።