በፔትራ ግድግዳ ላይ ያየሁት ቦይ

ጥንታዊቷ የፔትራ ከተማ የገባ ሰው ሁሉ የሚቸኩለው ወደ ኻዝና ነው፤ ከጠባቡ ሸለቆ ማብቂያ ድንገት ብቅ ወደሚለው ከአለት የተፈለፈለ መቃብር። እኔም ልቤ እዚያው ነበር። መምህራችን ግን ገና መግቢያው ላይ አስቆመንና «ዛሬ ዓይናችሁ ከግድግዳው እንዳይነቀል» አለን። የውሃ ምህንድስና ተማሪዎች ነን። ዮርዳኖስ ድረስ የመጣነው ፔትራን የገነቡት የጥንት ዓረቦች፣ ናባታውያን፣ በዚህ ደረቅ ምድር ለአንድ ሙሉ ከተማ እንዴት ውሃ እንዳጠጡ ለማየት ነው።

አጠገቧ ካለችው ከዋዲ ሙሳ ከተማ በማለዳ ወረድን። ሲቅ የሚባለው መተላለፊያ 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያ አለቱን ለሁለት የሰነጠቀው የመሬት እንቅስቃሴ ሲሆን፣ ጎርፍ በኋላ ስንጥቁን እየሞረደ አለሰለሰው። አንዳንድ ቦታ ስፋቱ 3 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ቀና ሲሉ ሰማዩ እንደ መቀነት ቀጥኖ ይታያል።

ቦዮቹ ያሉት በሁለቱም በኩል ነው። በአንዱ ግድግዳ ከአለቱ የተቦረቦረ ክፍት ቦይ ይወርዳል፤ በሌላው ደግሞ አንዱ በሌላው አፍ እየተሰካ የተቀጠለ የሸክላ ቧንቧ በልስን ተቀብሮ ያልፍ ነበር። ውሃው የሚመጣው ዓይን ሙሳ ከተባለው ምንጭ ነው፤ የአካባቢው ሰዎች ሙሴ አለቱን በበትሩ መትቶ ያፈለቀው ነው ይላሉ። ሁለት ሁለት ሆነን በገመድና በውሃ ልክ የቦዩን ቁልቁለት ለካን። እጅግ ትንሽ ነው፤ ለዓይን ሜዳ ይመስላል። ውሃ ሲቸኩል መስመሩን ይበላል፣ ሲዘገይ ደለሉን ያራግፋል፤ እነዚያ ጠራቢዎች በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ አግኝተውታል። በየመካከሉም ደለል የሚዘቅጥባቸው ትናንሽ ገንዳዎች አሉ።

ከተረፉት የቧንቧ ስብርባሪዎች ወደ አንዱ ጠጋ ብዬ ሳልነካ ውስጡን አየሁት። የሸክላውን ሆድ ነጭ ቅርፊት ለብሶታል፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ያለ ኖራ፤ ሲጠጉት ድርብርቡ ይለያል። እያንዳንዱ ሽፋን እዚህ ያለፈ ውሃ ነው። ከዚያ ወዲያ ስለ ናባታውያን የተማርኩት ሁሉ፣ ዕጣንና ከርቤ ጭነው ከደቡብ ዓረቢያ የሚመጡት ሲራራ ነጋዴዎች ሳይቀሩ፣ ሥጋ ለብሶ ታየኝ። ግመሎቹም ነጋዴዎቹም እዚህ ደርሰው የጠጡት ይህንኑ ውሃ ነው።

ኻዝና ጋ ስንደርስ ሁላችንም ዝም አልን። ቁመቱ ወደ 40 ሜትር ነው። ላሊበላን ያየ ሰው አሠራሩ አይጠፋውም፤ ከላይ ጀምሮ እየፈለፈሉ መውረድ ነው። አናቱ ላይ ያለው የድንጋይ እንስራ በጥይት ተበሳስቷል፤ ውስጡ የፈርዖን ወርቅ አለ ብለው የተኮሱበት ሰዎች ነበሩ። እንስራው ግን ድፍን አለት ነው። ቲያትሩንና መቃብሮቹን ቶሎ ቶሎ አለፍናቸው፤ ወደ 800 የሚጠጋ ደረጃ ወጥተን ያየነው ኣድ ዴይር የተባለው ከአለት የተፈለፈለ ግዙፍ ሕንፃ ግን ድካሙን ሁሉ ክሶናል።

ሮማውያን የናባታውያንን መንግሥት የጠቀለሉት እ.ኤ.አ. በ106 ነው። ንግዱ ቀስ በቀስ ወደ ሌላ መስመር ሸሸ፤ በ363 ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን ክፉኛ መታት። እኔ ከሁሉ በላይ የማስበው ቦዮቹን ነው። እንዲህ ያለ መስመር በየጊዜው የሚጠርገውና ስንጥቁን የሚደፍነው ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሰው ሲታጣ ከተማ ይጠማል።

ስንመለስ አብሮን የዋለው የበደዊን አስጎብኚ ከሲቅ አፍ ላይ ካለው ግድብ አጠገብ አቆመን። ናባታውያን በዋዲ ሙሳ ሸለቆ የሚወርደውን ጎርፍ እዚህ ጋ አግደው፣ ከ80 ሜትር በላይ በሚረዝም ዋሻ ወደ ሌላ ሸለቆ አዙረውት ነበር። ግድባቸው ከፈረሰ ከዘመናት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ ደራሽ ውሃ ሲቅ ውስጥ ገብቶ ከ20 በላይ ፈረንሳውያን ጎብኚዎችን ገደለ። አሁን ያለው ግድብ የተሠራው ከዚያ አደጋ በኋላ ነው፤ ያቆሙትም በዚያው በጥንቱ ቦታ ነው።

«እዚህ መዝነብ የለበትም» አለን አስጎብኚው፣ በእጁ ወደ ምሥራቅ ተራሮች እያሳየ። «እዚያ ከዘነበ ይበቃል። እዚህ ፀሐይ እያለ ውሃው ይደርሳል።»

ወደ ዋሻው አፍ ወረድኩ። ሁለት ሺህ ዓመት ያህል የቆየው የመጥረቢያ ጭረት በግድግዳው ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። ከሥሩ የተኛውን ደለል በጣቴ ጫን ብዬ ነካሁት። ላዩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከሥሩ ግን ገና እርጥብ ነበር።