ድረ ገጼን ከዶት አይኦ ወደ ዶት ኦርግ እንዴት አዛወርኩት?

የሥነ ፈለክ ትምህርት በነፃ የማቀርብበት ድረ ገጽ ለዓመታት አድራሻው የሚያበቃው በዶት አይኦ (.io) ነበር። አጭር ነው፣ ለመጻፍ አይከብድም፣ የሶፍትዌር ሰዎችም ይወዱታል። እንግሊዝ በሕንድ ውቅያኖስ ያሉትን የቻጎስ ደሴቶች ለሞሪሺየስ ለመመለስ መስማማቷ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሲሰማ ግን ስለ ስሙ በደንብ ማጣራት ጀመርኩ።

ዶት አይኦ የሀገር ኮድ ነው። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው በብሪታንያ የሕንድ ውቅያኖስ ግዛት ስም ነው። ይህ ግዛት የተመሠረተው በ1965፣ እንግሊዝ ቻጎስን ከሞሪሺየስ ቆርጣ ስታስቀር ነው። ከዚያም ከቻጎስ ደሴቶች በትልቋ፣ በዲዬጎ ጋርሺያ ላይ ለሚሠራው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ሲባል፣ ከ1968 እስከ 1973 ነዋሪዎቹ በሙሉ ከቀያቸው ተነቀሉ። ቻጎሳውያን ከዶሜይኑ (ከአድራሻ ስሙ) ገቢ ድርሻ ይገባናል እያሉ ሲጠይቁ ኖረዋል። ይህን ሳነብ ከልቤ አዘንኩ። በየዓመቱ እየከፈልኩ የማሳድሰው ስም የእነሱ መሬት ስም ነው።

ሌላም ጉዳይ አለ። ባለ ሁለት ፊደል የሀገር ዶሜይኖች የሚወሰዱት አይሶ 3166 ከሚባለው ዓለም አቀፍ የኮዶች ዝርዝር ነው። ግዛቱ ከቀረ ኮዱ ከዝርዝሩ ሊወጣ ይችላል፤ አንድ ኮድ ከዝርዝሩ ከወጣ ደግሞ ዶሜይኑም በሂደት ይዘጋል። ደንቡ አምስት ዓመት ይሰጣል፤ ቢራዘም እስከ አሥር ዓመት ነው። የዩጎዝላቪያው ዶት ዋይዩ በ2010 እንዲህ ተዘግቷል። የሶቪየት ኅብረቱ ዶት ኤስዩ ደግሞ አገሪቱ ከፈረሰች በኋላም ለአሥርተ ዓመታት ቆይቷል። ስለዚህ ዶት አይኦ ነገ ይጠፋል ማለት አይደለም። እኔ ግን ተማሪዎች የሚተማመኑበትን አድራሻ በዕድል ላይ መተው አልፈለግሁም።

ዶት ኦርግን (.org) የመረጥኩት ከየትኛውም አገር ጋር ስላልተያያዘ ነው። ከ1985 ጀምሮ አለ። እሱም ቢሆን ፈተና አላጣውም። በ2019 የሚያስተዳድረውን ድርጅት ከ1.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለግል ባለሀብቶች የመሸጥ ዕቅድ ይፋ ሆኖ ነበር። በጎ አድራጊ ድርጅቶች አምርረው ተቃወሙ፤ የኢንተርኔት ስሞችን አሠራር የሚያስተባብረው አይካንም በኤፕሪል 2020 ሽያጩን ከለከለ። የሚቆረቆርለት ሰው ያለው ስም መሆኑ ደስ አሰኘኝ።

ወደ ሥራው ስገባ መጀመሪያ የእያንዳንዱን ገጽ አድራሻ መዘገብኩ። ቀጥሎ የዲኤንኤስ ቲቲኤልን፣ ማለትም ሌሎች ኮምፒውተሮች የድረ ገጹን አድራሻ መረጃ ሳያድሱ የሚይዙበትን ጊዜ፣ ከ86400 ወደ 300 ሰከንድ ዝቅ አደረግሁ፤ ለውጥ ሳደርግ ቀን ሙሉ እንዳልጠብቅ ነው። አዲሱ ስም በትክክል መሥራቱን ሳይ የ301 ሪዳይሬክት (ከድሮው አድራሻ ወደ አዲሱ በቋሚነት የሚያሸጋግር ትእዛዝ) አስገባሁ፣ ያውም ገጽ በገጽ። ብዙዎች ሁሉንም ወደ መነሻ ገጹ ይልኩታል። ይህ ለአንባቢ ግድ የለሽነት ነው ባይ ነኝ። የሳተርን ቀለበቶችን ትምህርት ያስቀመጠ ተማሪ የድሮውን ሊንክ ሲጫን እዚያው ትምህርት ላይ ነው መድረስ ያለበት። ከዚያ ድረ ገጾች በጉግል ፍለጋ እንዴት እንደሚታዩ ባለቤቶች በሚከታተሉበት ጉግል ሰርች ኮንሶል የአድራሻ ለውጡን አሳወቅሁ። ጉግል ሪዳይሬክቱ ቢያንስ አንድ ዓመት እንዲቆይ ይመክራል።

ከሁሉም ጊዜ የወሰደብኝ ኢሜይል ነው። በድሮው ዶሜይን ኢሜይል የከፈትኳቸው አካውንቶች ብዙ ነበሩ። ዶሜይኑ ቢለቀቅና ሌላ ሰው ቢገዛው፣ የይለፍ ቃል መቀየሪያ መልእክቶቼ ወደ እሱ መሄድ ይጀምራሉ። ስለዚህ አንድ በአንድ ቀየርኳቸው። በተለይ ዶሜይኑን በገዛሁበት ሬጅስትራር ያለኝን አካውንት ከራሱ ከዶሜይኑ ውጭ ወደሆነ ኢሜይል አዛወርኩት። ዶሜይኑ ችግር ቢገጥመው ወደ አካውንቱ የምገባበት መንገድ አብሮ መዘጋት የለበትም።

የድሮውን ስም አሁንም አሳድሰዋለሁ። ሥራው ሪዳይሬክት ብቻ ነው። ከዶት አይኦ የሚመጣ አንባቢ እስካለ ድረስም አልለቀውም።