ፎቶው የገዢን ጥያቄ ሲመልስ፦ አነስተኛ ንግድን በምስል የማስተዋወቅ ልምዴ እስካሁን

በእጅ የምጠርዛቸውን ባለቆዳ ሽፋን ማስታወሻ ደብተሮች በኢንስታግራምና በፒንተረስት ማስተዋወቅ ከጀመርኩ ወዲህ ያገኘሁትን ልምድ፣ በተመሳሳይ ሥራ ላይ ላላችሁ ላካፍል ወደድኩ። እስካሁን በተግባር ያረጋገጥኩት ነገር፣ ገዢው ሊጠይቀው ያሰበውን ጥያቄ አስቀድሞ የሚመልስ ፎቶ፣ ከሚያምረው ፎቶ ይልቅ ትእዛዝ እንደሚያመጣ ነው።

ለዚህ መነሻ የሆነኝ የመልእክት ሳጥኔ ነበር። ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት፣ ደብተሩ ሲከፈት ሳይታጠፍ ተዘርግቶ ይቀመጥ እንደሆነ፣ ወረቀቱ ቀለም ወደ ጀርባው ያሳልፍ እንደሆነና በእጅ ሲያዝ መጠኑ ምን ያህል እንደሚሆን ነው። ጥያቄዎቹን በዝርዝር ጽፌ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ምስል አዘጋጀሁ። ለቀለሙ ጥያቄ፣ በቀለም ብዕር ጥቂት መስመሮችን ጽፌ ገጹን ገለበጥኩና ጀርባውን በቅርበት አነሳሁት። ይህ ፎቶ ለዓይን የሚስብ ነገር የለውም፤ ባዶ ወረቀት ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም ተመልካቾች ለኋላ ብለው ካስቀመጧቸው ልጥፎቼ ሁሉ ቀዳሚው እርሱ ሆነ። መጠኑን ለማሳየት ደግሞ በሴንቲሜትር ከመጻፍ ይልቅ ደብተሩን የያዘ እጅ ማሳየቱ የበለጠ ረድቶኛል።

ስለ ብርሃን ብዙ ተብሏልና አላረዝመውም፤ በመስኮት አጠገብ ማንሳት፣ በተቃራኒው በኩል ነጭ ካርቶን አቁሞ ጥላውን ማለዘብና የክፍሉን አምፖል ማጥፋት በቂ ነው። አምፖሉ የሚጠፋው፣ የእርሱ ብርሃንና የቀን ብርሃን ቀለማቸው ስለሚለያይ፣ ሲቀላቀሉ ቡናማው ቆዳ ቀይ መስሎ ሊወጣ ስለሚችል ነው። በስክሪን ላይ አንድ ቀለም አይቶ ሌላ የደረሰው ደንበኛ ቅሬታው ተገቢ ነው።

የምስል ልክም ቸል የሚባል አይደለም። ኢንስታግራም እስከ 2015 እ.ኤ.አ. አራቱም ጎኖቹ እኩል የሆነ ምስል ብቻ ይቀበል ነበር፤ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ግን የፕሮፋይል ገጹ ራሱ ምስሎችን ቁመታም አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ ፎቶዎቼን በ1080 በ1350 ፒክስል አዘጋጃለሁ። ሪልስ ለሚባሉት የኢንስታግራም አጫጭር ቪዲዮዎችና ለቲክቶክ 1080 በ1920 ተመራጭ ሲሆን፣ የታችኛውንና የቀኝ ጠርዙን ጽሑፍና ቁልፎች ስለሚሸፍኑት ዋናውን ነገር ወደ መሃል ማምጣት ያስፈልጋል። በነገራችን ላይ፣ በኢንስታግራም የንግድ አካውንት ያለው ሰው ታዋቂ ዘፈኖችን እንደ ግል ተጠቃሚ አያገኝም። እኔ በሙዚቃ ፋንታ በሰም የታሸው ክር በወረቀቱ ቀዳዳ ሲሳብ የሚያሰማውን ድምፅ እጠቀማለሁ፤ ለዚህ ሥራ ከየትኛውም ዘፈን የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ፒንተረስትን ብዙ የሙያ ባልደረቦቼ ችላ ሲሉት አያለሁ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ሰው ወደዚያ የሚሄደው የሚፈልገውን ነገር ለማሰስ ስለሆነ፣ አንድ ፒን (በፒንተረስት የሚለጠፍ ምስል) ከተለጠፈ ከወራት በኋላም ሊገኝ ይችላል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ፒን በቀጥታ ወደ መሸጫ ገጽ የሚወስድ ሊንክ ሊይዝ ይችላል፤ በኢንስታግራም የልጥፍ መግለጫ ውስጥ የተጻፈ ሊንክ ግን ሲነካ አይከፈትም። መግለጫውን የምጽፈው ፈላጊው ሊተይባቸው በሚችላቸው ቃላት ነው፤ «ውብ ሥራ» ከማለት «ለጉዞ የሚሆን ባለቆዳ ማስታወሻ ደብተር» ማለት ይሻላል።

ውጤቱን የምመዝነው በላይክ ብዛት አይደለም። የንግድ አካውንት ያለ ክፍያ በሚሰጠው መረጃ ውስጥ ስንቱ ሰው ልጥፉን እንዳስቀመጠ፣ ለሌላ እንዳጋራና ፕሮፋይሌን እንደጎበኘ አያለሁ፤ ከዚያም በዚያው ሰሞን ከደረሱኝ ትእዛዞች ጋር አስተያያለሁ። ስቶሪ የሚባለው ጊዜያዊ ልጥፍ በ24 ሰዓት ውስጥ ስለሚጠፋ፣ የቀሩ ደብተሮችን ለማሳወቅ ብቻ አውለዋለሁ።

አሁን እየሞከርኩ ያለሁት ብዙ ፎቶ በአንድ ልጥፍ ማቅረብን ነው። ኢንስታግራም እስከ 20 ምስል ይፈቅዳል፤ እኔ ግን ከአምስት ወይም ከስድስት አላሳልፍም። መጀመሪያ በእጅ የተያዘውን፣ ቀጥሎ ተዘርግቶ የተከፈተውን፣ ከዚያም የወረቀቱን ጀርባ አስቀምጣለሁ። ይኸው ቅደም ተከተል ሲገለበጥ በሚደርሱኝ ጥያቄዎች ላይ ለውጥ ያመጣ እንደሆነ በቀጣዮቹ ልጥፎች እያነጻጸርኩ ነው።