ለተሳቢ ጎማ ስትገዙ ቀኑን እዩ

የካምፒንግ ተሳቢ ጎማ ሲገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጥርሱን ነው፣ እኔ ግን ቀኑን እዩ ባይ ነኝ። ጎኑ ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሁፍ መጨረሻ 4 ቁጥር አለ፣ 2319 ካለ በፈረንጅ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ተሳቢ ብዙውን ጊዜ ቆሞ ነው የሚከርመው፣ በዚህ በአዳማ ፀሐይ ደግሞ ጥርሱ ሳያልቅ ጎማው ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ መጋዘን የከረመውን በቅናሽ ቢሰጧችሁም እለፉት።

ጎማው ላይ የተጻፈው የጭነት ቁጥር (የክብደት አቅሙን የሚያሳይ ኮድ) 108 ከሆነ አንዱ ጎማ 1000 ኪሎ ይችላል፣ ግን ተሳቢውን ባዶውን ሳይሆን ውሃውም ጋዙም ዕቃውም ተጭኖ መዝኑት እሺ? ኤስቲ (ST) የሚል ፊደል ያለበት ጎማ ለተሳቢ ብቻ ነው፣ መኪናው ላይ እንዳትገጥሙት። የፍጥነት ፊደል ከሌለው ደግሞ በተለምዶ በሰዓት እስከ 105 ኪሎሜትር ነው፣ የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ መኪና 120 ይነዳል ብላችሁ አትብረሩ። ንፋሱን ጎሚስታው ጋር በጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ አስለኩት።