ደቻቱ ላይ ተለማምጄ ጅቡቲ ላይ ዓሣ ያዝኩ

ደቻቱ ውኃ የለውም። ድሬ የኖረ ሁሉ ይሄን ያውቃል። ድሬዳዋን ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት የሚከፍል፣ ሰፊ አሸዋ የሆነ ወንዝ ነው። ክረምት ላይ ጎርፍ ካልወረደ በቀር ፍየልና ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ናቸው የሚውሉበት። እኔ ታዲያ ሦስት ወር ሙሉ፣ በየጠዋቱ ከሥራ በፊት፣ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይዤ እዚያ እወርድ ነበር። "ቀወሰ" ያሉኝ አልጠፉም። አንድ የሰፈር ልጅ ደግሞ ትንሽ ቆሞ ካየኝ በኋላ "ጋሼ፣ ዓሣው የታለ?" አለኝ።

ዓሣው ጅቡቲ ነበር።

ዘንጉም የመጣው ከዚያው ነው። የአክስቴ ልጅ ጅቡቲ ወደብ ይሠራል። አንድ ፈረንሳዊ ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ሲሸጥ ፍሪጅ ሊገዛ ሄደ። ፍሪጁን ትቶ ዘንግ ገዝቶልኝ መጣ። "አንተ ዓሣ ትወድ የለ?" አለኝ። የምወደው እንኳ መብላቱን ነበር። ግን ሐዋሳ ተማሪ ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ በቀርከሃ ዱላና በትል ቆሮሶ እናወጣ ስለነበር፣ ራሴን እንደ አጥማጅ እቆጥር ነበር። ዘንጉን ከቦርሳው ሳወጣው ነው ጉድ የፈላው። 9 ጫማ ርዝመት አለው፣ ሲወዘውዙት እንደ ሸምበቆ ይጎብጣል፤ ክሩ ደግሞ የጫማ ማሰሪያ ያክላል። ፍላይ የሚባለው አጠማመድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተለመደው አጠማመድ ክሩ ጫፍ ላይ ከባድ የእርሳስ ብረት ይታሰራል፤ እርሳሱ ሲወረወር ክሩን ይዞት ይሄዳል። ፍላይ ግልባጩ ነው። መንጠቆው ላይ የታሰረችው ሰው ሠራሽ ዝንብ ክብደት የላትም ማለት ይቻላል። ክብደቱ ያለው ክሩ ላይ ነው። ስለዚህ የምትወረውረው ክሩን ነው፣ ዝንቧ ተከትላ ትሄዳለች። በባሕር ላይ ስሟ ዝንብ ይሁን እንጂ መልኳ ትንሽ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ ነው።

ቡሄ ላይ ጅራፍ ያጮኸ ሰው አወራወሩ ቶሎ ይገባዋል ብዬ ነበር። በግማሽ ልክ ነበርኩ። ክንዱ ያው ነው። ችግሩ ጅራፍ ሲጮኽ ጎበዝ ትባላለህ፣ ይሄኛው ከጮኸ ግን ዝንብህ ተበጥሳ ሄዳለች ማለት ነው። ክሩ ከኋላህ ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ ሳትጠብቅ ወደ ፊት ስትቸኩል ነው የሚጮኸው። በመጀመሪያው ሳምንት ደቻቱን ሳጮኸው ከረምኩ። መድኃኒቱ ቀላል ነበር፦ ወደ ኋላ ወርውሮ፣ አንገትን አዙሮ ክሩን ማየት። ተዘርግቷል? አሁን ወደ ፊት። ከዚያ ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አስቀምጬ እሱን ማነጣጠር ጀመርኩ። በሦስተኛው ወር ከአሥር አራቱን ሳፋ ውስጥ አገባ ነበር። በራሴ ኮራሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለድሬ ልጆች፦ በደንገጎ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ ደቻቱ ውስጥ አትቁሙ። እኛ ጋ ፀሐይ ሆኖ ላይ ደጋው ከዘነበ ጎርፉ ሳይታሰብ ይደርሳል። የ1998ቱን ያየ አይረሳውም።

ዝንቦቹን ራሴ ሠራኋቸው። በባሕር ከሚሠሩት አንዷ ክላውዘር የምትባለው ናት። መንጠቆ ላይ ነጭ ፀጉር ይታሰራል፣ ጥቂት የሚያብረቀርቅ ክር ይጨመርበታል፣ አንገቷ ላይ ከብረት ሁለት ዓይን ይደረግላታል። ብረቱ ቶሎ ያሰምጣታል፤ ገልብጧት ስለሚሄድም የመንጠቆው ጫፍ ወደ ላይ ይሆንና አሸዋና ድንጋይ አይነክስም። ፈረንጆቹ የሚጠቀሙት የአጋዘን ጅራት ነው። እኔ የፍየል ጢም ተጠቀምኩ። የሚያብረቀርቀውን ከታይዋን ገበያ ከሠርግ ማስጌጫ ላይ መዘዝኩ፤ ዓይኖቹን ከተበጠሰ የቁልፍ ሰንሰለት አወጣሁ። መልኳ አያምርም። ዓሣ ግን ይዛለች።

የአክስቴ ልጅ አንድ የጀልባ ካፒቴን አገናኘኝ። አፋር ነው፤ ልጅ ሳለ የጅቡቲን የሙቀት ወራት ሽሽት ድሬ ዘመድ ጋ ይመጣ ስለነበር አማርኛው የእኛ አማርኛ ነው። ፈረንሳይኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቀላቅላል። በስልክ "ጥር ላይ ቅዳሜና እሑድ እንመጣለን" ስለው ሳቀ። "ጨረቃዋ ስንት ቀኗ ነው?" አለኝ። አላውቅም። "እሷን ጠይቀህ ደውል።"

ቀልድ አልነበረም። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሰዓቱም በየቀኑ በ50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ሙላቱም ጉድለቱም ይበረታል። ጥልቀት የሌለው የአሸዋ ሜዳ ላይ የሚያጠምድ ሰው ደግሞ ሥራው ሁሉ ይሄ ነው። ውኃው ሲሞላ ዓሦቹ ሸርጣንና ትንንሽ ዓሣ ፍለጋ ሜዳው ላይ ይወጣሉ። ሲጎድል ጥልቁ ውስጥ ይገባሉ። ሙላቱ ሌሊት ላይ ከዋለ የመጣኸው ለመዋኘት ነው። እኔ የባቡር ትኬት ቀድሜ ስለያዝኩ ቀኑን መቀየር፣ ፈቃድ እንደ አዲስ መጠየቅና አለቃዬ ፊት መለማመጥ ግድ ሆነብኝ። መጀመሪያ ካፒቴኑን፣ ከዚያ መሥሪያ ቤቱን፣ በመጨረሻ ባቡሩን። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው።

ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ከመልካ ጀብዱ ባቡር ጣቢያ ተሳፈርን። ድንበሩ ደወሌ ላይ ፓስፖርት፣ የጅቡቲው ጣቢያ ነጋድ ላይ ሙቀት። ጥር ነው ተብሎ እንኳ ሙቀት አለ።

በማግስቱ ገና ጎሕ ሳይቀድ ጀልባው ጋ ነበርን። ለካፒቴኑ አንድ ኪሎ የሐረር ቡና ይዤለት ነበር፤ አሽትቶ ወንበሩ ሥር ደበቀው። ከዚያ ማጥመጃዬን አንድ በአንድ አየ። ዝንቦቼን ሲያይ ምንም አላለም። ፒንሳ አወጣና የእያንዳንዱን መንጠቆ ወደ ኋላ የዞረች እሾህ ደፈጠጣት። "ዓሣው ያመልጠኛል እኮ!" አልኩ። "ክሩን ካላላላህ አያመልጥም። ደግሞ መንጠቆው ማንን እንደሚይዝ አይታወቅም" አለኝ። ልብ በሉልኝ፣ ወደዚህ እመለሳለሁ።

የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ይዘን ሄድን። አሸዋው ከኮራሉ የሚገናኝበት ቦታ ስንደርስ ሞተሩን አጥፍቶ በረጅም እንጨት መግፋት ጀመረ። ውኃው ጉልበት አይደርስም። ባዶ እግሬን ልወርድ ስል ጮኸብኝ። ኮራሉ ይቆርጣል፣ ድንጋይ የሚመስል መርዛማ ዓሣም አለ። ጫማ አድርገን፣ እግር ሳናነሳ አሸዋውን እየጎተትን እንድንራመድ አዘዘን። አሸዋ ውስጥ የተቀበረ መርዛማ ጅራት ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ፣ ከረገጡት ይወጋል፣ ከገፉት ግን ይሸሻል።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ።

ካፒቴኑ ጠዋት ነግሮን ነበር። የጀልባው አፍንጫ 12 ሰዓት ነው። ቀኝ 3፣ ኋላ 6፣ ግራ 9። ዓሣ ሲያይ በሰዓት ይጠራል። እሺ፣ ገባን። እኔ ግን ድሬ የምሠራው ትራንዚት ነው። ቀኑን ሙሉ ጅቡቲ ደውዬ የጭነት ሰዓት እቀበላለሁ፣ እነሱ 11 ሲሉኝ እኔ 5 ብዬ እጽፋለሁ። ይሄን ለዓመታት ሠርቻለሁ። ሳላስበው ነው የምቀይረው።

ጀልባው አፍንጫ ላይ ቆሜያለሁ። ካፒቴኑ ከኋላ በእንጨቱ ይገፋል። ድንገት ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ኦንዝ ኧር! ኦንዝ ኧር! ካራንግ!" አለ።

11 ሰዓት። ማለትም 5 ሰዓት።

ዞሬ በሙሉ ኃይሌ ወረወርኩ። ስድስት ሰዓት ስትቀንስ በሰዓት ሰሌዳ ላይ በትክክል ጀርባህን ነው የምታነጣጥረው። የሦስት ወር የሳፋ ልምምድ ሠራ፣ ዝንቧ ሄዳ ካፒቴኑ ራሱ ላይ የጠመጠመው ፎጣ ላይ ተሰካች። ጓደኞቼ በሳቅ ወለሉ ላይ ተዘረሩ። ካፒቴኑ ምንም ሳይናገር እጁን ሰደደ፣ መንጠቆውን ሳብ ሲያደርገው ወጣ። እሾሁ የለማ! ፎጣውን አስተካክሎ "ሱግ" አለኝ፤ በሶማልኛ ጠብቅ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በሰዓት ጠርቶኝ አያውቅም። በእንጨቱ ይጠቁመኛል።

ካራንግ የጅቡቲ ሰው በፈረንሳይኛ የሚጠራው ዓሣ ነው። ጎኑ ሰፊ፣ ጅራቱ ሹካ የመሰለ፣ ቁጡ። ሁለተኛ ዕድል ሲመጣ በደንብ ወረወርኩ። ዝንቧን በግራ እጄ ሳብ ሳብ ሳደርጋት አንዱ ከመንጋው ተነጥሎ ተከተላት። አፉን ሲከፍት አየሁት። እኔም እንደ ሐዋሳ ዘንጉን ወደ ሰማይ መነጨቅኩ። ባዶ።

ካፒቴኑ መጥቶ የዘንጉን ጫፍ ይዞ ውኃው ድረስ አወረደው። "ዓሣው እዚህ ነው። ዘንግህ ሰማይ ላይ ምን ይሠራል?" አለኝ። ዘንጉን ስታነሳ ዝንቧን ከአፉ ትነጥቀዋለህ፤ ለስላሳው ጫፍም ስለሚጎብጥ መንጠቆው አይሰካም። ዘንጉን ወደ ዓሣው እንዳነጣጠርክ ክሩን በግራ እጅህ ረዘም አድርገህ ትስባለህ። ብትስተው እንኳ ዝንቧ እዚያው ፊቱ ናት፣ ይመለስባታል። በአፍ ቀላል ነው። እጄ ግን ቆሮሶ ነው የሚያውቀው። ደቻቱ ላይ መወርወር ተምሬያለሁ፤ የሚነክስ ነገር ስላልነበረ መያዝ አልተማርኩም።

ሦስተኛውን በትክክል ሳብኩት፣ ተሰካ፣ ፈተለከ። ወለሉ ላይ የተከማቸውን ክር በጫማዬ ረግጬዋለሁ ለካ። ጧ! ካፒቴኑ አሁንም አልተናገረም። ባልዲ አቀበለኝ። የሳብከው ክር ባልዲ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ያለ ችግር ይወጣል። ይሄ ከዘንጉ እኩል ዋጋ ያለው ዕቃ ነው ብል አላጋነንኩም።

አራተኛውን ያዝኩ። ክሩ ከባልዲው እየተወነጨፈ ሲወጣ ጣቴን ቆረጠኝ፤ ክሩ የሚጠቀለልበት ሪል ጮኸ፤ ካፒቴኑ "ተወው፣ ይሩጥ! ሱግ!" ይላል። ሦስት ጊዜ አስጠግቼው ሦስት ጊዜ ሄደብኝ። ሲወጣ ከጣቴ ጫፍ እስከ ክርኔ ቢሆን ነው። በዚህ ቁመት ያ ሁሉ ጉልበት ከየት እንደመጣ አላውቅም። ጎኑ ላይ ቀለም የተረጨ የሚመስል ሰማያዊ ነጠብጣብ አለው። ጅራቱ ሥር ያለው ቅርፊት እንደ መጋዝ ይሻክራል። እጄ ላይ ሆኖ ኩርር፣ ኩርር አለ። ዓሣ ድምፅ እንዳለው ያኔ ነው የሰማሁት። ጅራቱን ይዤ ውኃ ውስጥ ትንሽ አቆየሁትና በራሱ ጊዜ ሄደ።

እውነቱን ልናገር፦ ጓደኛዬ በተራ ክር፣ በሰርዲን ቁራጭ፣ ቁጭ ብሎ እያወራ ከእኔ ሦስት እጥፍ ያዘ። ዓሣ ለመብላት የሚፈልግ ሰው ፍላይ አያስፈልገውም። ምሳችንም የእሱ ነበር። ከተማ ወስደን በየመኖች ምድጃ አስጠበስነው፤ ከጀርባው ተሰንጥቆ፣ በበርበሬ ታሽቶ፣ ከትልቅ ትኩስ ቂጣ ጋር። አርብ ስለነበር አንዱ ጓደኛችን "ዓሣ ይጾማል፣ አይጾምም" የሚለውን ክርክር አነሳ። እኛ ስንከራከር እሱ እየበላ ነበር።

የጀልባው ዋጋ ለአንድ ሰውም ለሦስትም ያው ስለሆነ ተካፍለን ከፈልን። ቤንዚን ይጨምር እንደሆነ ግን ቀድሜ አልጠየቅኩም። አይጨምርም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ፀሐይን በተመለከተ፣ የድሬ ልጅ ነኝ፣ ፀሐይ ምን ታደርገኛለች ብዬ ሽርጥና ቲሸርት ለብሼ ነበር። ከውኃው ላይ የሚመለሰው ብርሃን ከሥር ነው የሚመታህ። አገጬና የታችኛው ከንፈሬ ተላጠ። ረጅም እጅጌ ልበሱ። ፖላራይዝድ መነጽርም ያዙ፤ ያለሱ ዓሣውን አታዩትም፣ የምታዩት የሰማዩን ነጸብራቅ ነው።

ከሁሉ የቆጨኝ ሪሉ ነው። ደክሞኝ ሳላጥበው ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት። ድሬ ደርሼ፣ ከሳምንት በኋላ ስከፍተው ነጭ ጨው ጋግሮበት አልዞር አለ። በሞቀ ውኃ ዘፈዘፍኩት። የድሬ ውኃ ደግሞ ኖራ ስላለው ሌላ ነጭ ነገር ጨመረልኝ። በጨርቅ አድርቄ፣ ፈትቼ፣ ዘይት ቀብቼ በስንት መከራ ዞረ። ዝንቦቹ ዛጉ። በዚያው ቀን፣ ጀልባው ዳር፣ በአንድ ጀሪካን ንጹሕ ውኃ ይታጠባል። በቃ።

አሁን ደቻቱ ተመልሻለሁ። ሳፋው ቀርቷል። ያ "ዓሣው የታለ?" ያለኝ ልጅ ዓሣ ሆኖልኛል። የክሩን ጫፍ ያለ መንጠቆ ይይዛል። ሳልጠብቀው፣ ድንገት ያዝ ያደርጋል፤ እኔ ዘንጉን ሳላነሳ በግራ እጄ መሳብ አለብኝ። ዘንጉን ካነሳሁ ይጮህብኛል። ከሳብኩ ይሮጣል፣ ክሩ ከባልዲው ይወጣል፣ እስከ ድልድዩ ይደርሳል። ደመወዙ በጠዋት አንድ ፓስቲ ነበር። ትናንት ሁለት ይሁን አለኝ፤ ካራንግ ሆኖ እየሮጠ ነው አሉ፣ ቆሮሶ ቢሆን አንድ ይበቃው ነበር።