ሁለት ቢሊዮን ምናምን

ዛሬ ሙዴ ልክ አይደለም። ም. ደውላ አላነሳሁላትም፣ የኛን ነገር ታውቁታላችሁ። ስልኩ ጮሆ እስኪያበቃ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሰዓት ሳይ ሳይ፣ ይሄ እኮ ውስጡ የሚቆጥረው ሰከንድ ብቻ ነው አልኩ፤ በፈረንጆች ጃንዋሪ 1 1970፣ በኛ ታኅሣሥ 23 1962፣ ከዜሮ ጀምሮ። በድሮዎቹ 32 ቢት ሲስተሞች (ሰከንዱን በ32 የዜሮና የአንድ ቦታ ብቻ በሚይዙት፣ አንዷ ቦታ ለፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ምልክት ሄዳ) ቆጠራው ከ2,147,483,647 አያልፍም። በቃ ከዛ ወዲህ እንቅልፍ የለም።

ቁጥሩ ራሱ ጉድ ነው። ዛሬ አንድ ብር፣ ነገ ሁለት፣ ከነገ ወዲያ አራት እያልክ በየቀኑ እያጠፍክ 31 ቀን ብታስቀምጥ ድምሩ ልክ እሱ ነው፣ አንድ ብር አይጎድል አይተርፍ (እቁብ መጣል ያቃተው ሰው ነው የሚያወራው)። በባይናሪ (በዜሮና በአንድ ብቻ) ሲጻፍ 31 አንዶች ተደርድረው ዜሮ ለመድኃኒት አይገኝም። እና ደግሞ ፕራይም ነው፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም! ያረጋገጠው የሂሳብ ሊቁ ኦይለር ነው፣ በ1772 ሴንት ፒተርስበርግ ሆኖ፣ ዓይኖቹ ከሞላ ጎደል ጠፍተው። እስከ ካሬ ሩቱ እስከ 46,340 ያለውን ሁሉ መሞከር አያስፈልግም፤ አካፋይ ካለው ያ አካፋይ ለ62 ሲካፈል የግድ 1 መትረፍ አለበት፣ ይሄ ብቻውን ወደ 747 ያወርዳቸዋል፣ ለ8 ሲካፈል ደግሞ 1 ወይ 7 ካልተረፈ ይጣላል፣ ግማሹ እዚህ ጋ ይወድቃል። እኔም በካልኩሌተር 311ን ሞከርኩት፣ 35 ተረፈ። ሰውየው ይሄን ያለ ካልኩሌተር!

በ1811 ደግሞ ፒተር ባርሎው የሚባል እንግሊዛዊ የሂሳብ ሰው፣ ከዚሁ ቁጥር ስለሚወጣው ፍጹም ቁጥር (2,305,843,008,139,952,128፣ ከሱ የሚያንሱ አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጡ) ሲጽፍ፣ ለጉጉት እንጂ ለጥቅም ስላልሆነ ከዚህ የሚበልጥ ማንም የሚፈልግ አይመስልም አለ። ለጥቅም አይደለም! በስንቱ ማሽን ሆድ ውስጥ እንደተቀመጠ ቢያይ።

ቆጠራው የሚሞላው ጃንዋሪ 19 2038 በግሪንዊች 3:14:07 ላይ ነው። ዝም ብዬ ወደ እኛ ለወጥኩት፦ ጥር 11 2030፣ ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ጥምቀት! ታቦቶቹ ጃንሜዳ አድረው፣ ገና ፀሐይ ሳትወጣ። በሚቀጥለው ሰከንድ ያልታደሰ ማሽን ወደ ኔጌቲቭ ተገልብጦ፣ ከ1962 ወደ ኋላ ቆጥሮ ታኅሣሥ 1894 ይገባል፣ ምኒልክ ዙፋን ላይ ናቸው ማለት ነው።

የኔ ስልክ 64 ቢት ነው፣ ምንም አይሆንም፣ አውቃለሁ። ግን እኔን ስለማውቀኝ፣ ሰዉ ጸበል ሊረጭ ሲጋፋ እኔ ስክሪን ላይ አፍጥጬ ሰከንድ ስቆጥር ነው የምገኘው፣ እማዬም «አንተ ልጅ፣ ያን ስልክ ክተተውና ጸበሉ ይድረስህ» ማለቷ አይቀርም፣ እሷን ምን ብዬ ነው የማስረዳት?